ጂንን በስሙ እንጥራው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ስለ ዐረብ ምድር ስውር ፍጥረታት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ እርማት አለኝ። ጽሑፉ አንዱኑ ፍጥረት መግቢያው ላይ «የሙታን መንፈስ»፣ ዝቅ ብሎ «ሰይጣን»፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ዛር» ይለዋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለጂን ግን በጋዜጦቻችን ስም የሚያወጣለት ተርጓሚ ሆኗል፣ ያውም ከዐረብኛው ሳይሆን ከእንግሊዝኛው እየገለበጠ። ዐረቦቹ ለእያንዳንዱ የተለየ ስም አላቸው። ስሙ ሲደበላለቅ ተረቱ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤተሰብም በሽተኛውን ወዴት እንደሚወስድ ይሳሳታል።

ከቃሉ እንነሣ። ዐረብኛው «ጀነ» ሸፈነ፣ ሰወረ ማለት ነው። በማሕፀን የተሰወረው ጽንስ «ጀኒን»፣ አካል የሚከልለው ጋሻ «ሚጀን»፣ ዛፍ የጋረደው የአትክልት ስፍራ «ጀና»፣ አእምሮው የተሸፈነበት ሰው «መጅኑን» ይባላሉ፤ ሁሉም የዚሁ ግሥ ልጆች ናቸው። እንግዲህ «ጂን» የሚለው ስም ስለ ክፋትም ስለ ደግነትም አንዳች አይናገርም፤ የማይታይ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ጂን የወል ስም ነው፤ አንዱ «ጂኒ»፣ ሴቷ «ጂኒያ» ትባላለች። እኛ «ጂኒ» የምንለው ነጠላውን ወስደን ነው፤ «ጂኒዎች» ብሎ ማብዛቱም አማርኛ ነውና ማንም አይቀየምበትም።

በእስልምናው ትምህርት ጂን ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው። ቁርኣን (ምዕራፍ 55፣ አንቀጽ 15) ጭስ ከሌለው የእሳት ነበልባል እንደተፈጠረ ይናገራል። በሐዲስም (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግሮች ዘገባ) መላእክት ከብርሃን፣ ጂን ከእሳት ነበልባል፣ አደም ከአፈር መፈጠራቸው ተነግሯል። ጂን ይበላል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል። ሃይማኖትም አለው፤ በፍርድ ቀን እንደ ሰው ይጠየቃል። 72ኛው ምዕራፍ በስሙ የተጠራ ነው፤ ከ28 አንቀጾቹ በመጀመሪያዎቹ የሚናገሩት ጂኖቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከመካከላቸው ደጋጎችም ከዚያ ያነሱም እንዳሉ፣ መንገዳቸውም የተለያየ እንደሆነ ይመሰክራሉ። በ46ኛው ምዕራፍ ደግሞ ቁርኣን ሲነበብ ሰምተው ወደ ወገኖቻቸው የተመለሱት ጂኖች «ከሙሳ በኋላ የወረደ መጽሐፍ ሰማን» ማለታቸውን ይዘው፣ እነዚያ ጂኖች አይሁድ ነበሩ ያሉ ተርጓሚዎች አሉ። ይህን ሁሉ የያዘን ፍጥረት «የሙታን መንፈስ» ማለት ከሥሩ ስሕተት ነው። የሞተ ሰው ጂን አይሆንም። የሰው ነፍስ ከሞት በኋላ እስከ ትንሣኤ ባለው መለያ፣ «በርዘኽ» በሚባለው ውስጥ ትቆያለች እንጂ በፈረሰ ቤት ውስጥ አትንከራተትም።

«ሰይጣን» የሚለውም እንዲሁ። በቁርኣን ሸይጧን የዘር ስም ሳይሆን የግብር ስም ነው፤ «ሌባ» የጎሣ ስም እንዳልሆነ ማለት ነው። 6ኛው ምዕራፍ፣ አንቀጽ 112 ላይ «የሰውና የጂን ሰይጣናት» ይላል፤ ስለዚህ ሰውም ሸይጧን ሊሆን ይችላል። ኢብሊስ «ከጂን ነበር» የተባለው በ18ኛው ምዕራፍ፣ አንቀጽ 50 ነው። ለአደም አልሰግድም ብሎ ያመፀው አንዱ ኢብሊስ ነው፤ ወገኑ በሙሉ በእሱ ጥፋት አልተፈረጀም። የአማርኛው የቁርኣን ትርጉም ጂንን «ጋኔን» እያለ እንደሚተረጉመው አውቃለሁ፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቃሉ በቦታው ነው፣ አንባቢውም ያውቀዋል። በጋዜጣ ላይ ግን ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አንባቢም አለ፤ እሱ ጋኔን ሲባል የሚታወሰው በጠበል የሚጮኸው፣ ከሰው የሚወጣው ክፉ መንፈስ ብቻ ነው። «አንድ ጋኔን ሰግዶ አመነ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያነብ ጸሐፊው የቀለደ ይመስለዋል። የግዕዙ ጋኔንና የዐረብኛው ጂን ዝምድና ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ዝምድና ቢኖራቸውም እንኳ ዛሬ አንድ ቃል አይደሉም።

በጂኖቹ መካከልም ደረጃ አለ። የአንዳሉሱ (የእስላማዊቷ ስፔን) ሊቅ ኢብን ዐብድ አል-በር (በ1071 እ.ኤ.አ. ያረፈው) የዐረብኛ አዋቂዎችን አጠራር ሲያስቀምጥ፣ ዝም ብሎ ጂን ከሆነ ጂኒ፣ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ የሚኖር ከሆነ ዓሚር፣ ለሕፃናት የሚታይ ከሆነ አርዋሕ፣ ከከፋ ሸይጧን፣ ከዚያም ካለፈ ማሪድ፣ ኃይሉ ከበረታ ዒፍሪት ይባላል ይላል። «ቀሪን» የሚባለው ደግሞ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር የሚቆራኘው ጓደኛ ጂን ነው። ጉዳዩ በተረት ብቻ አልቀረም። በ1367 እ.ኤ.አ. ያረፈው የሻሟ (ዛሬ በሊባኖስ ያለችው) ትሪፖሊ ዳኛ በድረዲን ሺብሊ ስለ ጂን ሕግጋት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ ሰው ከጂን ጋር ቢጋባ ጋብቻው (ኒካሑ) ይጸናል ወይ፣ ጂን ኢማም ሆኖ ቢያሰግድ ከኋላው ይሰገዳል ወይ እያለ እንደ ማንኛውም የፍርድ ቤት ጉዳይ ይመረምራል። በዚያው ባህል ውስጥ ኢማም ሻፊዒይ ከነቢይ በቀር «ጂን አየሁ» የሚል ሰው ምስክርነቱ ውድቅ ነው ማለታቸው ተዘግቧል። በጂን መኖር ማመንና «አየሁት» የሚለውን ሁሉ ማመን ለሊቃውንቱ የተለያዩ ጉዳዮች ነበሩ።

በጽሑፉ መጨረሻ የመጣው ዛር ፈጽሞ ሌላ ቤት ነው። ዛር ከኢትዮጵያ እስከ ሱዳን፣ ግብፅና የባሕረ ሰላጤው አገሮች የተዘረጋ ሥርዓት ነው፤ ዋና ነገሩም ውል ነው። ዛሩ በሰውየው አፍ ስሙን ይናገራል፤ ልብስ፣ ቀለበት፣ ሽቶ፣ የዚህ ወይም የዚያ ቀለም ዶሮ ይጠይቃል፤ ከበሮ ይመታለታል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ያጓራል። የተያዘው ሰው «ፈረስ» ነው፤ ፈረሱ የሚድነው ጋላቢው ሲረካ እንጂ ሲባረር አይደለም። በሰሜን ሱዳን የዛር ስብሰባ ውስጥ «ሐበሽ» የሚባሉ ቀይ ልብስና ቡና የሚወዱ የዛር ወገኖች መኖራቸው ሥርዓቱ ከየት ወዴት ሲመላለስ እንደኖረ ይናገራል። በሩቅያ፣ በበሽተኛ ላይ ቁርኣን በሚቀራበት ሥርዓት፣ ግን ውል የለም፤ ቁርኣን የሚቀራው ሰው ዓላማ ጂኑን ማስወጣት ነው፣ ጂኑ ስጦታ ቢጠይቅ መስጠት ሽርክ (በአላህ ላይ ማጋራት) ነው። ስለዚህ «ሼኹ ዛሯን አስወጡላት» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱንም አያውቃቸውም።

ሁለት ቃላት ግን በአማርኛ ጥሩ አቻ አላቸው፤ ተርጓሚዎች ለምን እንደማይጠቀሙባቸው አይገባኝም። አንዱ «ጃሡም» ነው፤ ሌሊት ደረት ላይ ተቀምጦ እጅና እግር የሚያስር፣ ድምፅ የሚያፍን። ይኼ የእኛው ዱካክ ነው። ሐኪሙ ኢብን ሲና ይህንኑ «ካቡስ» ብሎ በሕክምና መጽሐፉ ውስጥ ከአንጎል በሽታዎች ጋር አስቀምጦታል፤ ምክንያቱንም ለጂን ሳይሆን ወደ አንጎል ለሚወጣ እንፋሎት ነው የሰጠው። የዛሬው ማብራሪያ አንጎል ከእንቅልፍ ሲነቃ የሰውነት ጡንቻ ገና በሕልም ጊዜ እንደሚሆነው ዝሎ መቆየቱ ነው፤ በጀርባ መተኛትና የእንቅልፍ እጦት ያባብሱታል።

ሁለተኛው «ጉል» ነው፤ ጭራቅ ቢባል ብዙም አይርቅም። ጉል በበረሃ መንገደኛን የምትጠብቅ፣ መልኳን የምትለዋውጥ፣ ሌሊት እሳት አንድዳ ከመንገድ የምታስት ናት፤ ሁሉን መለወጥ ብትችልም እግሯ የአህያ ኮቴ ሆኖ ይቀራል ይባላል። የምትገደለው በአንድ ምት ነው፤ ሁለተኛ ከተመታች ትነሣለች። ተአበጠ ሸረን («ክፋትን በብብቱ የሸጎጠ» ማለት ነው) የሚባለው ከእስልምና በፊት የነበረ ገጣሚ ጉሏን አንዴ ሲመታት «ድገመኝ» ብላ እንደለመነችውና እሱም እምቢ እንዳላት ገጥሟል። በሰማይ ላይ ብርሃኗ በየሦስት ቀኑ ገደማ የሚደበዝዘው «አልጎል» የምትባል ኮከብ ስሟ «ረእስ አል-ጉል»፣ የጉል ራስ፣ ከሚለው የመጣ ነው። በሐዲስ ግን «ጉል የለም» ተብሏል፤ የ9ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ ጃሒዝም ከመምህሩ ከነዛም ሰምቶ ምክንያቱን ያስቀምጣል፦ በጠፍ መሬት ብቻውን የሰነበተ ሰው ይደነግጣል፣ ትንሹ ነገር በዓይኑ ይገዝፋል፣ ያልተሰማውን ይሰማል፤ ከዚያ ያየውን በግጥም ይናገራል፣ ልጆቹም በዚያ ግጥም ያድጋሉ። የሚያስደንቀኝ ይህ ማብራሪያ ከ1,100 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው።

ጽሑፋችሁ ሳያነሣው ያለፈው፣ ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የዒፍሪት ጉዳይ ነው። «ዒፍሪት» የሚለው ቃል በመላው ቁርኣን የተጠቀሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በንግሥተ ሳባ ታሪክ ውስጥ፣ በ27ኛው ምዕራፍ፣ አንቀጽ 39። ነቢዩ ሱለይማን፣ የእኛው ንጉሥ ሰሎሞን፣ «ዙፋኗን ማን ያመጣልኛል?» ሲሉ ከጂን አንድ ዒፍሪት ከተቀመጡበት ሳይነሡ አመጣዋለሁ አለ። ቀጥሎ የመጽሐፍ ዕውቀት ያለው አንዱ ዓይናቸው ሳይርገበገብ አመጣዋለሁ ብሎ አመጣው። ጂኑ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ተረት ተራኪዎች ግን ዒፍሪቱን ብቻ ያስታውሳሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የተራኪዎች ክፍል የበለጠ ይጥማል። በዐረቦቹ ትረካ ንግሥተ ሳባ ቢልቂስ ትባላለች፤ እናቷም ጂኒያ ናት። ጂኖቹ ሱለይማን ካገቧትና ልጅ ከወለዱ ለዘላለም ባሪያ ሆነን እንቀራለን ብለው ስለፈሩ፣ «እግሯ የአህያ ኮቴ ነው» ብለው አሙባት። ሱለይማን እውነቱን ለማወቅ የመስተዋት ወለል አሠሩ፤ እሷ ውሃ መስሏት ልብሷን ገለጥ አደረገች (የመስተዋቱ ነገር በአንቀጽ 44 አለ)። ኮቴ አልነበራትም፤ ፀጉር ግን ነበራት። ያን ጊዜ ጂኖቹ «ኑራ»ን ፈለሰፉ ይባላል፤ ያልጠፋ ኖራና ቢጫ የዘርኒኽ ድንጋይ፣ ማለትም አርሰኒክ ያለበት ማዕድን፣ ተፈጭተው በውሃ የሚላወሱበት የፀጉር ማንሻ ነው። በመታጠቢያ ቤቶች ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል፤ ቆዳ ላይ ከቆየ ያቃጥላል፣ መርዝም ነው፣ ስለዚህ ማንም እንዳይሞክረው። አሁን ይህን ከአክሱሙ አፈ ታሪክ ጋር አስተያዩት፦ የዘንዶው ደም የንግሥቲቱ ተረከዝ ላይ ነጥቦ የአህያ ሰኮና ሆነባት፤ ሰሎሞን ዘንድ ስትደርስ ተፈወሰች። አንዱ የአህያ እግር በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ሁለት ታሪክ ሆኗል። ወዲያ ማዶ የጂን ሐሜት ነው፣ ወዲህ ማዶ የፈውስ ምክንያት። ክብረ ነገሥት ግን ይህን የእግር ነገር አያነሣውም።

የሱለይማን ታሪክ ሌላም ጥቅም አለው። በ34ኛው ምዕራፍ ጂኖች ምኩራብ፣ ምስል፣ እንደ ገንዳ የሰፋ ገበታና ከቦታቸው የማይነቃነቁ ድስቶች እየሠሩ ያገለግሏቸው እንደነበር ይነገራል። ሱለይማን በትራቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ሞቱ፤ ጂኖቹ አላወቁም፣ ሥራቸውን ቀጠሉ። ምስጥ በትሩን በልታ አስከሬኑ ሲወድቅ ነው የተረዱት። ቁርኣኑ ሩቁን ምስጢር ቢያውቁ ኖሮ በዚያ አዋራጅ ስቃይ ባልቆዩ ነበር ይላል። ይህን አንቀጽ ያነበበ ሰው «ጂን አለኝ፣ የጠፋብህን ዕቃ ይነግርሃል» ለሚል ጠንቋይ ገንዘብ መክፈል የለበትም፤ አጠገቡ የቆመው ሰው መሞቱን ያላወቀ ፍጥረት የእናንተን ሌባ ከየት ያውቀዋል? በሐዲስም ጂን ከሰማይ የሰረቃትን አንዲት ቃል ለጠንቋይ ሲያቀብል ጠንቋዩ መቶ ውሸት እንደሚጨምርባት ተነግሯል። ሰዎች የሚያስታውሱት ያችን አንዷን ነው።

ጽሑፉ «ሰው ከጂን የሚጠበቅበት ዘዴ» ብሎ ጨው መበተንንና ብረት ትራስ ሥር ማድረግን ጠቅሷል። እነዚህ በብዙ አገር ያሉ የሕዝብ ልማዶች ናቸው፤ በሐዲስ የሚታወቁት የቤት ደንቦች ግን ሌሎች ናቸው፣ ለመፈጸምም ቀላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆችን ወደ ቤት ማስገባት፤ ከሌሊቱ ጥቂት ካለፈ በኋላ መልቀቅ ይቻላል። «ቢስሚላህ» ብሎ በር መዝጋት። የውሃ አቁማዳን ማሰር፣ ዕቃን መክደን፤ ክዳን ከጠፋ በአፉ ላይ እንጨት እንኳ ቢሆን ማጋደም። መብራት ማጥፋት፤ ለዚህኛው የተሰጠው ምክንያት ጂን ሳይሆን አይጥ ናት፣ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤት ታቃጥላለችና። ከተጸዳዱ በኋላ በአጥንትና በፋንድያ አለመጥረግ፤ አጥንቱ የጂኖች፣ ፋንድያው የእንስሶቻቸው ምግብ ነው ተብሏል። በመሬት ጉድጓድ ውስጥ አለመሽናት፤ ከሐዲሱ ተራኪዎች አንዱ ምክንያቱን ሲጠየቅ የጂን ማደሪያ ነው ይባላል ብሏል። ጊንጥና እባብም እዚያው ስለሚያድሩ ደንቡ በሁለቱም በኩል ያዋጣል።

የእባቡ ደንብ ትንሽ ይረዝማል። በመዲና ቤት ውስጥ የታየ እባብ ዓሚር፣ ማለትም ቤተኛ ጂን፣ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አይገደልም፤ እንዲወጣ ይነገረዋል፣ ከዚያ በኋላ ከታየ ይገደላል። ሦስት ቀን ነው ወይስ ሦስት ጊዜ የሚለው ሊቃውንቱን አለያይቷል፤ ለመዲና ቤቶች ብቻ ነው ያሉም አሉ። ጀርባው ላይ ሁለት መስመር ያለውና ጅራተ ቆራጣው እባብ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲገደሉ ተፈቅዷል። በዚህ ደንብ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ማስጠንቀቂያውን ይሰጡና እዚያው ክፍል ይተኛሉ። ልጆች ከቤት መውጣት አለባቸው፤ እባቡ እስኪወጣ በሩ ወደ ውጭ ክፍት መሆን አለበት።

ወደ በሽተኛው ልምጣ። ሩቅያ ማለት የታወቁ የቁርኣን አንቀጾችን (አል-ፋቲሓን፣ አያተል ኩርሲን፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት አጫጭር ምዕራፎች) ድምፅ አውጥቶ በበሽተኛው ላይ መቅራት ነው፤ ራሱ በሽተኛውም ሊቀራው ይችላል። ሊቃውንት የሚስማሙበት ሩቅያ በአላህ ቃል ወይም ስም የሆነ፣ ፍቺው የሚታወቅ፣ ፈውሱም ከአላህ እንጂ ከንባቡ እንዳልሆነ የሚታመንበት ነው። ከዚህ የወጣ ሰው ቶሎ ይታወቃል። የበሽተኛውን የእናት ስም ይጠይቃል፤ ዐውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራም በሰውየውና በእናቱ ስም ፊደላት እንደሚቆጥር አንባቢ ያውቃል፣ ብልሃቱ አንድ ነው። የተወሰነ ቀለም ያለው በግ ወይም ዶሮ እንዲታረድ ያዛል፣ አንዳንዴም የአላህ ስም ሳይጠራበት። በካሬ ውስጥ ቁጥር ይጽፋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያጉረመርማል። «ጂኑ ነው እንጂ እሷን አያማትም» እያለ ይደበድባል፤ በዱላው የምትሞተው ግን እሷ ናት።

ስለሚጥል በሽታ በ1350 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢብን አል-ቀይም ሁለት ዓይነት መጣል አለ ብሏል፦ አንዱ ከክፉ መናፍስት፣ ሌላው ከሰውነት ፈሳሾች መዛባት የሚመጣና ሐኪሞች የሚያክሙት። በጂን መያዝ አጥብቆ ያመነ ሊቅ እንኳ ሐኪሙን ከበር አልመለሰም። ስለዚህ ሩቅያ የሚያስቀራ ቤተሰብ መድኃኒቱን የሚያቆምበት የሃይማኖት ምክንያት የለውም። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ ተደራርቦ ሊመጣና ሊገድል ይችላል፤ ያን ጊዜ «ጂኑ ተቆጣ» ይባላል። ሰው ሲወድቅ በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አለመክተት፣ ክብሪት ጭሮ አለማሽተት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሥራ ለሚሄዱት ደግሞ «ጂን»ና «ሲህር» የሚሉትን መለየት የተረት ጉዳይ አይደለም። ጂን ፍጥረት ነው፤ ሲህር ሰው የሚሠራው ድግምት ነው፤ በሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ ሲህር ወንጀል ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሃይማኖት ፖሊስ ይህንኑ የሚከታተል ልዩ ክፍል አቋቁሞ ነበር፤ የቤት ሠራተኞች በሲህር የሚከሰሱበት ጊዜም አለ። በቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ በግዕዝ ወይም በዐረብኛ የተጻፈ ጥቅልል፣ በክር የታሰረ ፀጉር፣ የሥር ቁራጭ በሻንጣ ውስጥ ከተገኘ የሠራተኛዋ እናት ለጥበቃ ብላ እንዳሰረችላት ማስረዳት ይቸግራል። እነዚህን ነገሮች አገር ቤት ጥሎ መሄድ ይሻላል። የራስን ፀጉርም ከማበጠሪያ ላይ ሰብስቦ ጥግ ላይ ከማስቀመጥ ወዲያው መጣል።

ስለ ፋኖሱ ጂኒ «በዐረቦች እምነት ሦስት ምኞት ይፈጽማል» ተብሎ የተጻፈው በአጭሩ ይታረም። የአላዲንን ታሪክ ለፈረንሳዊው ተርጓሚ ለጋላን በ1709 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የነገረው ሐና ዲያብ የሚባል የሐለብ (የሶርያዋ አሌፖ) ሰው ነው፤ በጥንቱ የ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» የዐረብኛ ጥራዝ ውስጥ የለም። በትረካውም አገልጋዮቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ የቀለበቱ ሌላው የፋኖሱ፤ ምኞቱም ወሰን የለውም። «ሦስት» የሚለውን ኋላ ላይ ሌሎች ጨመሩበት። በጥንቱ ጥራዝ ያለው የዓሣ አጥማጁ ታሪክ ነው፤ እዚያ ዒፍሪቱ ያለው በሱለይማን ማኅተም በእርሳስ በታሸገ የመዳብ ማሰሮ ውስጥ ነው፣ ሲወጣም ለነፃ አውጪው የሚሰጠው ምርጫ አሟሟቱን ብቻ ነው።

የቀሩት ቦታዎቹ ናቸው። በመዲና አቅራቢያ «ዋዲ አል-ጂን» የተባለው መንገድ፣ የዑምራ ተጓዦቻችንም የሚጎበኙት፣ መኪና ሞተሩ ሳይሠራ ሽቅብ ይሄድበታል ይባላል። መንገዱ ቁልቁል ነው። ዙሪያውን ያሉት ኮረብቶች አድማሱን ስለሚጋርዱና ከመንገዱ ይልቅ ስለሚያዘነብሉ ዓይን ይታለላል። ግንበኛ የሚይዘው ውሃ ልክ አስፋልቱ ላይ ቢቀመጥ ነገሩ ያልቃል። አደጋው ሌላ ነው፦ ሞተሩ የጠፋ መኪና መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይደነድናል፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ ጎብኚ እየመጣ ነው። የኦማኑ «መጅሊስ አል-ጂን» ዋሻም «የጂኖች ሸንጎ» የሚለውን ስም ያገኘው በ1983 እ.ኤ.አ. ከጎበኙት የውጭ አገር ሰዎች ነው፤ የአካባቢው ሰው «ኾሺላት መቀንደሊ» ይለዋል። አዳራሹ 310 በ225 ሜትር ይሰፋል፣ ጣሪያው 120 ሜትር ይርቃል።

«የወረደ የማይመለስበት፣ ጥልቀቱ ያልታወቀ የጂኖች እስር ቤት» ያላችሁት በምሥራቅ የመን፣ በአል-ማህራ ያለው ጉድጓድ ነው። የድሮ ጸሐፍት «በርሁት» የሚሉት ግን በሐድረሞት ያለ ሌላ ቦታ ነው። በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. የኦማን የዋሻ አሳሾች በገመድ ወርደውበታል፤ ተመልሰውም ወጥተዋል። አፉ 30 ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቀቱ 112 ሜትር ነው። ከግድግዳው የሚወርድ ፏፏቴ፣ ካልነኳቸው የማይነኩ እባቦች፣ ሽታውን የሚያመጡ የሞቱ እንስሳት፣ ጠብታ ውሃ ያዘጋጃቸው ክብ የኖራ ጠጠሮች አግኝተዋል። በሚቀጥለው እትማችሁ «ያልታወቀ» የሚለው ወጥቶ 112 ሜትር ይግባበት፤ «የሙታን መንፈስ» ያላችሁበትም ቦታ ሁሉ «ጂን» ተብሎ ይታረም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዐረብኛና የግዕዝ ጽሑፎች አንባቢ፣ ከደሴ